የጥላው ውድድር

«ይሄኛው አንቀጽ ይውጣ ተብሏል» አሉ የታሪክ መምህሩ፣ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ እየገፉ።

አንቀጹ ከጥግ እስከ ጥግ በቀይ ተሰርዟል። የሰረዘው ሰው አንድ መስመር አልበቃው ብሎ ሁለቴ ደግሞበታል።

«ማነው ያለው?»

«የውድድሩ ኮሚቴ ነዋ።»

«ኮሚቴው ብዙ ሰው ነው ቲቸር። ይሄ የአንድ ሰው እስክሪብቶ ነው።»

መምህሩ ፈገግታቸውን ለመደበቅ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ መወልወል ጀመሩ። ከውጭ የእረፍት ሰዓት ጫጫታ ይሰማል። በመምህራን ክፍሉ ውስጥ ግን ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም።

የክፍል ጓደኞቿ «ሚስማር» ነው የሚሏት። አንደኛ ቀጭን ነች። ሁለተኛ ደግሞ አንድ ነገር ላይ ከተመታች የሚነቅላት የለም። ስሙን አልጠላችውም፤ ከዚያ በፊት «ቀጮ» ነበር የምትባለው፣ ሚስማር ቢያንስ ይወጋል።

ነገሩን የጀመሩት እኚሁ መምህር ናቸው። «በዓመቱ ገበያ ላይ የምታዩት የፈረስ ውድድር ከየት መጣ? ቤታችሁ ጠይቁና ጻፉ» ብለው ክፍሉን በሙሉ አሰማሩት። ግማሹ ከጓደኛው ገለበጠ፣ ግማሹ ከራሱ ፈጠረ። ሚስማር ግን አያቷን ጠየቀች። አያቷ ስትጨርስላት የአያቷን እኩዮች ቤት ለቤት እየዞረች ጠየቀች። የጻፈችው ከሁሉም በልጦ ተመረጠና በውድድሩ ቀን ሕዝብ ፊት በማይክራፎን እንድታነበው ተወሰነ። ለምስጋና የማይቸኩለው አባቷ እንኳ «ጎሽ» ብሏት ነበር።

አሁን የተሰረዘው የጽሑፏ ልብ ነው። መምህሩ እንዲሰሙት ብላ ጮክ አድርጋ አነበበችው።

«‹ውድድሩን የጀመሩት ባለጋሪዎች ናቸው። በገበያው ሜዳ ላይ አንድ ለጋ ዛፍ ብቻ ነበር፤ ጥላው ከአንድ ጋሪ በላይ አይበቃም። ባለጋሪዎቹ በዚያ ጥላ ሲጣሉ ኖረው በመጨረሻ ተስማሙ። በዓመት አንድ ቀን ሁሉም ጋሪውን ይዞ ይሰለፋል። በመጀመሪያው ደወል ፈረሱን ከጋሪ ይፈታል፤ በሁለተኛው ይጋልባል። ቀድሞ የገባ ዓመቱን ሙሉ ፈረሱን ጥላው ስር ያቆማል።› ምኑ ነው ያስቀየመው?»

«የተተካውን እዪው።»

ከመስመሩ በላይ በደቃቅ የእጅ ጽሑፍ «ውድድሩን የጀመሩት ስመ ጥር ጋላቢዎች ናቸው» የሚል ተጨምሯል።

«ስመ ጥር ከሆኑ ስማቸው ማነው?»

«እኔም ይህንኑ ጠይቄያለሁ» አሉ መምህሩ። መነጽራቸውን መልሰው ሲያደርጉ ፈገግታው ጠፍቶ ነበር። «ስሚኝ ልጄ። ዘንድሮ ከሩቅ በጭነት መኪና የሚመጡ ፈረሶች አሉ። ባለቤቶቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ የሚያርፉትም የኮሚቴው ሰብሳቢ ሆቴል ነው። ሰብሳቢው እንግዶቻቸው ፊት የጋሪ ወሬ እንዲነሳ አልፈለጉም። የትምህርት ቤታችንን አጥር የሚያሠሩልንም እሳቸው ናቸው። ገባሽ?»

ገብቷታል። የገባት ነገር ነው ያናደዳት።

«አስቢበት» አሉ መምህሩ። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ የታጠፈው በቀዩ መስመር ላይ ነበር።

*

ቤት ስትደርስ አባቷ ፈረሱን ከጋሪ ሊፈታ ሲል ነበር። ቦርሳዋን ጥላ በቀጥታ ወደ ቦታዋ ሄደች። ለዚህ ሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ከፈረሱ ግራና ቀኝ የሚዘረጉት ሁለት ረጃጅም የጋሪ እንጨቶች በፈረሱ ጀርባ ላይ በሚያልፍ ጠፍር ተንጠልጥለዋል። የመጎተቻዎቹ ጠፍሮች ቀድመው ይፈታሉ፤ የጀርባው መጨረሻ ነው። እሱ ሲፈታ አንድ ሰው እንጨቶቹን ይዞ ካልጠበቀ ጋሪው ወደ ፊት ይደፋና የፈረሱን እግር ይመታል።

እሷ እንጨቶቹን ያዘች፤ አባቷ ዘለበቱን ፈታ። ፈረሱ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ ቆመና ግራ ቀኙን አየ። ስሙ ዳኛው ነው። ከመንቀሳቀሱ በፊት ሁሉንም ሰው አንድ በአንድ ስለሚመለከት፣ የሁሉንም ጉዳይ ሰምቶ የሚፈርድ ይመስላል። ፍርዱ ብዙውን ጊዜ «አልሄድም» ነው። ከተንቀሳቀሰ ግን ባዶ ጋሪ እንደ ወረቀት ነው የሚያደርገው።

«ምን ሆነሻል?» አለ አባቷ። «ፊትሽ ሊዘንብ ነው።»

ነገረችው። አባቷ እየሰማ የዳኛውን አንገት በጨርቅ ይጠርግ ነበር። አንገቱ ላይ የላብ ጨው ነጭ ሆኖ ደርቋል፤ በገበያ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ የሚቆመው ፀሐይ ላይ ነው። ለጋው ዛፍ ዛሬ አድጎ ግማሽ ሜዳ ያለብሳል። ነገር ግን ዙሪያው በአጥር ተከልሏል፤ ስሩ የሚቆሙት የሆቴሉ እንግዶች መኪኖች ናቸው። ጋሪ ከአጥሩ አያልፍም።

«አንብቢውና ውጪ» አለ አባቷ።

«ውሸቱን?»

«ውሸት አይደለም፤ ጎደሎ ነው።»

«አባዬ!»

«አባዬ አትበይኝ። የገበያውን ውሃ የማመላልሰው በማን ፈቃድ ነው? ሰውየው አንድ ቀን ቅር ካለው የውሃ ቦቴ መኪናው ሥራዬን ሊወስድ ሞተሩን አስነስቶ ነው የሚጠብቀው። በአንድ አንቀጽ እንጀራዬን አልዘጋም።»

በረንዳው ላይ በርጩማ ላይ የተቀመጠችው አያቷ ጉልበቷን በእጇ እያሸች ሳቀች።

«የማነው ልጅ እንዲህ የሚፈራው?» አለች። «እኔ ወልጄው ነው?»

«እማዬ፣ አንቺ ደግሞ ነገር አታቀጣጥዪ።»

«ነገር መቼ ጠፍቶ ያውቃል? አባትህ ጥላውን ያሸነፈ ዓመት እንጨቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሰው ለጋላቢው ነው የሚያጨበጭበው፤ ለያዡ ማንም አያጨበጭብም። ያዡ ከለቀቀ ግን ጋላቢ የለም፣ ፈረስም የለም።» ወደ ሚስማር ዞረች። «ይሄንንም ጽፈሽዋል?»

«ጽፌዋለሁ እማማ።»

«ተሰረዘ?»

«ተሰረዘ።»

አያቷ ጉልበቷን ማሸት ተወች። «እህ» አለች ብቻ። ለወትሮው ነገር የምታስረዝም ሴት በአንዲት «እህ» መቆሟ ሚስማርን ከሳቋ በላይ አስጨነቃት። አባቷ ዳኛውን እየሳበ ወደ ጋጣው ገባ።

*

በማግስቱ የልምምድ ሰዓት ነበር። የትምህርት ቤቱ ግቢ መሃል ማይክራፎን ቆሟል፤ የዘፈን ቡድኑ በአንድ ጥግ ድምፁን ያሟሻል። ሰብሳቢው ራሳቸው ሊያዩ መጥተዋል። ረዥም፣ ሳቂታ፣ ሁሉንም ሰው ትከሻውን ቸብ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ሰው ሊጠላቸው ቢፈልግ እንኳ ጊዜ አይሰጡትም።

«የኛ ጸሐፊ!» አሉ ሚስማርን ሲያዩ። «ጥሩ ጽፈሻል። ትንሽ አሳጠርኩልሽ እንጂ አላበላሸሁትም አይደል?»

«አበላሽተውታል» አለች።

ዘፋኞቹ ወደ እነሱ ዞሩ። የታሪክ መምህሩ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ውድድሩ የባለጋሪዎች ነበር። የመጀመሪያው ደወል እስከ ዛሬ የሚደወለው ፈረስ ከጋሪ ለመፍታት ነው። አሁን ሰዉ ደወሉ ሲደወል ያጨበጭባል፤ ለምን እንደሚደወል ግን ማንም አያውቅም።»

«አሁን እሱን ማን ያስታውሳል?»

«አያቴ።»

ሰብሳቢው ከልባቸው ሳቁ። «አያትሽን ሰላም በይልኝ። ግን ልጄ፣ ዘመን ይሄዳል። ዛሬ የሚመጡት ፈረሶች ለግልቢያ የተወለዱ ናቸው።»

«የጋሪ ፈረስ መወዳደር ተከልክሏል?»

ጥያቄው እንዴት ከአፏ እንደወጣ አላወቀችም። ከወጣ በኋላ ግን ልትመልሰው አልፈለገችም። ሰብሳቢው ዙሪያውን የቆመውን ሰው አዩ፤ ሁሉም መልሳቸውን ይጠብቃል፣ እሳቸው ደግሞ የሚጠብቅ ሰው ሲያዩ ቀልድ ካልጣሉ አይሆንላቸውም።

«ኧረ ምን ሲደረግ! ጋሪውን ፈትቶ መነሻው መስመር ላይ ከተገኘ ማን ይከለክለዋል? እኔ ራሴ አጨበጭብለታለሁ!»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። መምህሩ እንኳ ሳቁ፤ ነገሩ የበረደ መስሏቸው ነበር። ሚስማር አልሳቀችም።

«ሁላችሁም ሰምታችኋል» አለች። ከዚያ የታጠፈውን ወረቀት አውጥታ መምህሩ እጅ ላይ አስቀመጠችው። «ቲቸር ይቅርታ። ይሄን እኔ አላነብም።»

ሰብሳቢው ትከሻቸውን ሰበቁ። «ሌላ አንባቢ ጠፍቶ ነው? ያ ሲያወራ የሚውለው ልጅ የት አለ?»

ያ ሲያወራ የሚውለው ልጅ የሚስማር የልብ ጓደኛ ነው። ከመጀመሪያ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ስሙ «ሬዲዮ» ነው፤ መዝጊያው የጠፋ ሬዲዮ። ማይክራፎን ሲያይ ዓይኑ ምን እንደሚሆን ሚስማር ታውቃለች። አሁንም እንደዚያው ሆነ።

«አነባለሁ» አለ ሬዲዮ፣ ዓይኑን ከሷ እያሸሸ።

ከትምህርት ቤቱ በር እስከ መንታ መንገዱ ድረስ አላናገረችውም። በመጨረሻ እሱ አልቻለም።

«ምን ላድርግ ታዲያ? እኔ ባላነብ ሌላ ሰው ሊያነበው ነው። ደግሞ አንድ አንቀጽ ነው ባክሽ፣ አታካብጂ።»

«ስጽፈው አብረኸኝ ቤት ለቤት የዞርከው አንተ አይደለህም? የሽማግሌዎቹን ሁሉ ድምፅ እያስመሰልክ ስታስቀኝ የነበርከው?»

«ነኝ።»

«እና እነሱ ባለጋሪ ሳይሆኑ ስመ ጥር ጋላቢ ነን አሉህ?»

ሚስማር ጥላው ሄደች። የተናደደችው በሰብሳቢው ይሁን በሱ ለራሷም አልለየላትም።

*

ሌላው ሁሉ ከዚያ ቀልድ ነው የመጣው። «ጋሪውን ፈትቶ መስመሩ ላይ ከተገኘ።» ሰብሳቢው ረስተውታል፤ እሷ ግን በተኛች ቁጥር ትሰማዋለች። ዳኛው በውድድሩ ቀን ሜዳው ውስጥ ይገባል፤ የእንግዶቹ ፈረሶች የሚጠጡትን ውሃ የሚያመጣው እሱ ነው። ውሃውን አራግፎ ውድድሩ ሳይጀመር ይወጣል። ባይወጣስ? አሸንፋለሁ ብላ አላሰበችም፤ እንደዚያ ያለ ሞኝነት የላትም። የፈለገችው ዳኛው በደወሉ እንዲፈታ ነው፤ ሁሉም ሰው እያየ፣ በድሮው ቦታ፣ በድሮው መንገድ። ይህንን ካዩ በኋላ ማንም በቀይ እስክሪብቶ አይሰርዘውም።

አባቷ በሌለበት ሰዓት ጓሮ ውስጥ ብቻዋን ሞከረችው። የግራውን መጎተቻ ፈታች፣ የቀኙን ፈታች። የጀርባውን ዘለበት በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እንጨቱን ልትደግፍ ሞከረች። ጋሪው የአንድ እጅ ነገር አልነበረም። ተደፋ። አንደኛው እንጨት ቅልጥሟን ላጣት፤ ዳኛው በርግጎ ከአጥሩ ጋር ሊጋጭ ለጥቂት ተረፈ። መሬት ላይ ተቀምጣ እግሯን ይዛ ከሕመሙ ይልቅ በንዴት አለቀሰች።

«የሁለት ሰው ነው ብዬሽ ነበር» አለች አያቷ ከበረንዳው።

«ሰው የለኝም እማማ።»

«ጓደኛሽስ?»

«ማይክራፎን ያዘ።»

«አባትሽስ?»

አባቷን በዚያው ቀን ጠየቀችው። በቀጥታ፣ ምንም ሳትሸፋፍን ነው የጠየቀችው። የጋሪውን ጎማ እያጠበቀ ነበር፤ መፍቻውን አስቀመጠና ቀና ብሎ አያት።

«አንቺ ልጅ ጤነኛ ነሽ?»

«ሰብሳቢው ሕዝብ ፊት ፈቅደዋል።»

«ቀልደው ነው!»

«እኔ ቀልድ አልጠየቅኩም።»

«አይሆንም» አለ አባቷ። «አይሆንም አልኩ። እንጨትም አልይዝም፣ ሜዳው ላይም አላይሽም። ነገ ውሃ ማመላለስ ስታግዢኝ ውለሽ ትመለሻለሽ፤ በቃ።» መፍቻውን አነሳ። ከዚያ ቅልጥሟ ላይ ያለውን ቁስል አየና ድምፁ ዝቅ አለ። «እሱን በጨው ውሃ እጠቢው።»

*

በገበያው ቀን ሜዳው ገና በጠዋቱ ነበር የሞላው። ባለዳሱ ዳሱን ይወጥራል፣ ሸክላ ሻጮች ገንቦአቸውን ጭድ ላይ ያሰልፋሉ፣ ፊኛ የሚሸጠው ልጅ ፊኛው አምልጦት ሰማይ ሰማይ ያያል። በአንድ በኩል በጎች ይንጫጫሉ፤ በሌላ በኩል የድምፅ ማጉያው «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ ሁለት» ይላል። በትልቁ ዛፍ ስር ነጭ ድንኳን ተተክሏል፤ ወንበሮቹ ጨርቅ ለብሰዋል። ከድንኳኑ ጎን የእንግዶቹ ፈረሶች ተሰልፈዋል፤ ቆዳቸው ገና ከውሃ የወጣ ይመስል ያበራል።

ዳኛው ውሃቸውን ሲያመላልስ አረፈደ። ከጉድጓዱ ወደ ሜዳው፣ ከሜዳው ወደ ጉድጓዱ። አያቷ «ዘንድሮ ካላየሁ መቼ ላየው ነው» ብላ ጋሪው ላይ በርሜሎቹ መሃል ተጨናንቃ መጥታለች።

አንድ ባልዲ ውሃ ለዳኛው ልታቀርብለት ወደ ጥላው ጫፍ ጠጋ ስታደርገው የጥበቃው ሠራተኛ ዱላውን አነሳ።

«ጋሪ ወደዚያ! ከአጥሩ ውጪ!»

«ይጠጣና ይሄዳል።»

«ፀሐይ ላይም ይጠጣል።»

ዳኛው ጥበቃውን አየው፣ ዛፉን አየው፣ እሷን አያት። ከዚያ እንደ ልማዱ አልሄድም አለ። ሚስማር ልጓሙን ስባ፣ አባብላ፣ ለምና አወጣችው። ውሃውን ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲጠጣ አየችው። ሌሊቱን ሙሉ ስታመነታበት የነበረው ነገር እዚያው እንደቆመች፣ ባልዲውን እንደያዘች፣ ቁርጥ አለላት።

አባቷ የመጨረሻውን በርሜል ገልብጦ ላቡን ጠረገ። «እኔ ቱቦውን መልሼ እመጣለሁ። አንቺ ጋሪውን ይዘሽ በሜዳው በር ውጪ። ውድድሩ ሊጀመር ነው» ብሎ ሄደ።

ልጓሙን ይዛ ዳኛውን አዞረችው። በሩ በስተቀኝ ነበር፤ እሷ ግን ወደ ግራ ሄደች።

«በሩ በዚያ ነው» አለች አያቷ ከላይ።

«አውቃለሁ።»

አያቷ ሻርፗን አስተካክላ፣ ወገቧን ቀና አድርጋ ተቀመጠች።

መነሻው በሣሩ ላይ በኖራ የተሰመረ ነጭ መስመር ነው። የእንግዶቹ ጋላቢዎች ባለ እርካብ ኮርቻቸው ላይ ሆነው ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ከነሱ ዳር አንድ የውሃ ጋሪ ባዶ በርሜሎቹን እያንኳኳ መጥቶ ሲቆም፣ ሁሉም በርሜል ሊነሳ የመጣ መስሏቸው ነበር። ዳኛው ጋላቢዎቹን አንድ በአንድ ተመለከተ። አንዱ ፈረስ አፍንጫውን ነፋበት።

ድምፅ ማጉያው ውስጥ ሬዲዮ ያነባል። «...ይህ ታሪካዊ ውድድር በአካባቢያችን የታወቀ ሲሆን፣ ውድድሩን የጀመሩት ስመ ጥር...»

መድረኩ ከመስመሩ ፊት ለፊት ነው። ሬዲዮ ቀና ሲል አያት። ጋሪውን አየ፣ አያቷን አየ። ሚስማርም ዓይኗን አልነቀለችበትም። ድምፅ ማጉያው ሲያፏጭ ቆየ፤ መዝጊያ የሌለው ልጅ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘጋ።

ደወሉ ተደወለ። የመጀመሪያው።

ሕዝቡ እንደ ልማዱ አጨበጨበ። ሚስማር የግራውን መጎተቻ ፈታች።

«አንቺ!» ጥበቃው እየሮጠ መጣ። «ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየፈታሁ ነዋ።»

«ጋሪውን አውጪ ነው የምልሽ!»

«ከፈታ ማንም አይከለክለውም ብለዋል ሰብሳቢው። ይጠይቋቸው።» በዳኛው ፊት ዞራ ወደ ቀኙ አለፈች። ዘለበቱ ሁለቴ አመለጣት፣ በሦስተኛው ተከፈተ። ድንኳኑ ስር ሰብሳቢው ከወንበራቸው ተነስተው ቆመዋል። ዛሬ አልሳቁም። ጥበቃው እሳቸውን ያያል፤ እሳቸው ደግሞ ዙሪያቸውን የተቀመጡትን እንግዶች ያያሉ። በትምህርት ቤቱ ግቢ ሲስቁ የነበሩት ልጆች ሜዳውን ከከለለው ገመድ ጀርባ ተሰብስበው «ጋሼ አጨበጭባለሁ ብለው ነበር!» እያሉ ይጮኻሉ።

የቀረው የጀርባው ጠፍር ነው። ሚስማር ዘለበቱን ያዘችና ቆመች። ቅልጥሟ ላይ ያለው ቁስል እንደ አዲስ ተሰማት። ብትፈታው ይደፋል። ባትፈታው ጋሪ ይዛ ሕዝብ መሃል የቆመች መሳቂያ ነች።

«ቆይ» አለች አያቷ። እግሯን በጋሪው ጠርዝ አሳልፋ ልትወርድ ትታገላለች። «ቆይ፣ እኔ እይዘዋለሁ። አንድ ጊዜ ይዤ የለ።»

«እማማ፣ ጉልበትሽ!»

«ጉልበቴ ምን ያገባዋል፣ የምይዘው በእጄ!»

«ይቅርታ» አለ ድምፅ ማጉያው በድንገት። የሬዲዮ ድምፅ ቀጥኗል። «ይቅርታ፣ አንድ አንቀጽ ዘልያለሁ። የመጀመሪያው ደወል የሚደወለው ባለጋሪዎች ፈረሳቸውን...» ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አንድ ሰው ሽቦውን ነቅሎታል። ሬዲዮ ግን ማይክራፎኑን ትቶ መድረኩ ጫፍ ላይ ቆሞ በገዛ ድምፁ መጮኹን ቀጠለ። ከሩቅ ምን እንደሚል አይሰማም፤ በሁለት እጁ እንጨት እንደያዘ ሰው ሲያደርግ ግን ይታያል።

ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ዳር አንድ ሰው አጨበጨበ። የደወሉ ጭብጨባ አልነበረም።

ሁለተኛውን ደወል የሚደውለው ሰው የደወሉን ገመድ ይዞ የሰብሳቢውን ምልክት ይጠብቃል። ሰብሳቢው ምልክት አልሰጡም። ሜዳው በሙሉ የሚያየው አንዲት ቀጭን ልጅና አንድ የማይፈታ ዘለበት ነው። ሚስማር ዘለበቱን አልለቀቀችም። ደወሉ ተደውሎ ሌሎቹ ዞረው እስኪመለሱ ድረስም ቢሆን እዚሁ እቆማለሁ ብላ ወሰነች። ከዚህ የሚነቅለኝ ይምጣ።

ከኋላዋ ቱቦ መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማች። ረዥም እርምጃ። ዞር ስትል አባቷ ነው። ፊቱ ከንዴት ይሁን ከፍርሃት ቀልቷል። እሷን አላየም፤ መጀመሪያ እናቱን በብብቷ ይዞ ከጋሪው አወረደና መሬት ላይ አቆማት። ቀጥሎ ወደ ድንኳኑ፣ ወደ ዛፉ፣ ስሩ ወደቆሙት መኪኖች ተመለከተ። የዳኛውን አንገት፣ የደረቀውን ነጭ ጨው፣ በመዳፉ አንዴ ጠረገው።

«አባዬ» አለች። «ተቆጣኝ ግን...»

«እቤት እቆጣሻለሁ» አለ።

በሁለቱ እንጨቶች መሃል፣ ከዳኛው ኋላ ገባ። እግሩን ከፈት አድርጎ ተከለ፤ ሁለቱንም እንጨቶች ከፍ አድርጎ ያዘ። ጠፍሩ በሚስማር ጣቶች ውስጥ ላላ።

«ይዤዋለሁ» አለ አባቷ። «ፍቺው።»